ጠይቁ፣ እንመልሳለን፦ ችፌ ላለበት ሰው የልብስ ሳሙናና አጠባብ

ከጅማ የደረሱን የዚህ ወር ደብዳቤዎች አብዛኞቹ አንድ ጉዳይ ላይ ገጥመዋል፤ ችፌ ያለበት ሰው ልብስ በምን ሳሙና፣ እንዴት ይታጠብ የሚለው። ዝናቡ በርትቶ ልብስ አልደርቅ ሲል ጥያቄው ይበዛል። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ የ3 ዓመት ልጄ በክርኑና በጉልበቱ መታጠፊያ ላይ ችፌ (ኤክዚማ) አለበት። ሐኪም ያዘዘለትን ቅባት ስቀባው ይሻለዋል፤ ልብሱ በታጠበ ማግስት ግን ማከኩን ይጀምራል። ጎረቤቶቼ “ኦሞውን ቀይሪ” ብለውኝ ሦስት ዓይነት ቀየርኩ፣ ለውጥ የለውም። የትኛውን ልግዛ? (እናት፣ ከሄርማታ)

መልስ፦ እህታችን፣ አራተኛውን ከመግዛትዎ በፊት ሳፋው ውስጥ የሚገባውን መጠንና የአለቃለቁን ሁኔታ ይመልከቱ። ለልብስ ሳሙና እውነተኛ አለርጂ ያለበት ሰው ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የሰሜን አሜሪካ ጥናት ለቆዳ አለርጂ ምርመራ የቀረቡ 738 ሰዎችን አይቶ፣ ለልብስ ሳሙና አለርጂ የተገኘባቸው ከመቶ አንድ እንኳ አልሞሉም። ችፌ ያለበትን ቆዳ ብዙ ጊዜ የሚያስቆጣው ከጨርቁ ያልወጣ ትርፍ ሳሙና ነው። ጤነኛ ቆዳ በትንሹ አሲዳማ ነው፣ ፒኤቹ (የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያው፤ 7 መካከለኛ ነው) 5 አካባቢ። ዱቄት ሳሙና የተበጠበጠበት ውሃ ግን 10 ገደማ ይደርሳል። ልጁ ሲያልበው ጨርቁ ላይ ደርቆ የቀረው ሳሙና ይረጥብና ቀድሞውኑ የሳሳውን ቆዳ ያቃጥለዋል። ማሳከኩ በአንገትጌ፣ በወገብ ላስቲክና በብብት ዙሪያ፣ ማለትም ልብስ በሚፈትገው ቦታ ከባሰ ጥርጣሬው ይጠነክራል። መታጠፊያዎቹ ላይ ብቻ ከሆነ ግን ችፌው ራሱ ሊሆን ስለሚችል ሳሙናውን ብቻ አይውቀሱ።

መጠኑን እንመልከት። በእጅ ለሚታጠብ ልብስ፣ ለ10 ሊትር ውሃ ያልተቆለለ 2 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ይበቃል፤ ብዙ ላላደፈ የሕፃን ልብስ 1 ማንኪያ ይበቃዋል። ብዙ ቤት ውስጥ የሚደረገው ግን በእጅ ዘግኖ መነስነስ ነው፤ አንድ ጭብጥ የዚህን እጥፍ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሆናል። የአረፋ ብዛት የንጽሕና ምልክት አይደለም፤ የሚጨምረው የማለቅለቅ ሥራውን ነው። ዱቄቱ መጀመሪያ ለብ ባለ ውሃ ሙሉ በሙሉ ይሟሟ፣ ልብሱ ከዚያ ይግባ። በልብስ ላይ የተነሰነሰ ዱቄት ስፌትና ኪስ ጥግ ውስጥ ሳይሟሟ ይቀራል። ልብሱ ሲደርቅ የእጅጌውን ስፌት ገልብጠው ቢያዩ ነጭ ብናኝ የሚያገኙት ለዚህ ነው። ለመዘፍዘፍ ደግሞ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃል። ሌሊቱን ሙሉ የተዘፈዘፈ ልብስ የለቀቀውን እድፍ መልሶ ይጠጣል፣ ሽታም ያመጣል።

ዋናው ማለቅለቁ ነው። 1 ኪሎ ልብስ ጥሩ አድርጎ ሲጨመቅ 1 ሊትር ያህል የሳሙና ውሃ ይዞ ይቀራል። በ10 ሊትር ንጹሕ ውሃ ሲለቀለቅ ያ ሳሙና በ11 ሊትር ውስጥ ይበተናል፤ እንደገና ሲጨመቅ ልብሱ ላይ የሚቀረው ከ11 አንድ እጅ ነው። ይህ ሦስት ጊዜ ሲደገም ከ1300 አንድ እጅ ገደማ ብቻ ይቀራል። ሳይጨመቅ፣ ውሃው እየተንጠባጠበ ከሳፋ ወደ ሳፋ የሚዛወር ልብስ ግን 3 ሊትር ያህል ይዞ ይሄዳል፤ ሦስት ጊዜ ተለቅልቆም ከ80 አንድ እጅ ሳሙና ይቀርበታል። ያው 30 ሊትር ውሃ ፈሶ ልዩነቱ 16 እጥፍ ሆነ ማለት ነው። 30 ሊትሩን በአንድ ጊዜ ሳፋ ላይ ገልብጠው አንዴ ብቻ ቢያለቀልቁ ደግሞ፣ ጥሩ አድርገው ቢጨምቁትም የሚቀረው ከ31 አንድ ነው። ስለዚህ ውሃ በጀሪካን ተቀድቶ በሚመጣበት ወይም በፈረቃ በሚለቀቅበት ቤት ውሃውን ለሦስት ይክፈሉት፤ በየመሃሉ ልብሱን ጠምዝዘው ይጭመቁ።

ማለቅለቁ መብቃቱን ለማወቅ ከመጨረሻው ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ግማሽ ያህል ቀድተው፣ ክዳኑን ዘግተው አሥር ጊዜ ያህል ይናጡት። አረፋው ወዲያው ከጠፋ በቂ ነው። ከግማሽ ደቂቃ በኋላም ከላይ ቀለበት ሠርቶ ከቆየ አንድ ዙር ይጨምሩ።

ምርጫውን በተመለከተ፣ ሽቶ የሌለው ካገኙ እሱን ይውሰዱ፤ ካጡ ሽታው ቀለል ያለውን። ቀለም ያላቸው ቅንጣቶች ያሉበትንና ማለስለሻ የተቀላቀለበትን “ሁለት በአንድ” ይተዉ። ማሸጊያው ላይ “ፍራግራንስ ፍሪ” ከተባለ ሽቶ አልገባበትም ማለት ነው። “አንሴንትድ” የሚለው ግን ሌላውን ሽታ የሚሸፍን ሽቶ ሊኖረው ይችላል። “ሃይፖአለርጀኒክ” (አለርጂ እምብዛም አያስነሳም) የሚለውን ጽሑፍ እንደ ዋስትና አይቁጠሩት። ብዙዎች የሚፈሩት ኢንዛይም (ሳሙናው ውስጥ የሚገባው እድፍ ፈቺ ንጥረ ነገር) በታጠበ ልብስ ላይ ችፌን እንደሚያባብስ አልታየም፤ አደጋው ብናኙን ዘወትር ለሚተነፍሱ የሳሙና ፋብሪካ ሠራተኞች ነው። አንዱን ከመረጡ በኋላ ለ4 ሳምንት አይቀይሩ፤ በየሳምንቱ የሚቀየር ሳሙና ምን እንደጠቀመና ምን እንደጎዳ አይነግርዎትም። የታዘዘለትን ቅባት እንዳያቋርጡ።

ጥያቄ፦ ከዱቄቱ ይልቅ ደረቅ ሳሙና ለቆዳ ይሻላል ይባላል። አያቴ ደግሞ እንዶድን የሚያህል የለም ይላሉ። ውሃችን የጉድጓድ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ? (ከጅሬን)

መልስ፦ ደረቅ ሳሙና ጥሩ ጎን አለው፤ የሚጨመርበት ነገር ብዙውን ጊዜ ትንሽ ነው፣ ዱቄት የማይደርስበትን አንገትጌም እያሹ ያጸዱበታል። ችግሩ ከውሃው ጋር ነው። ካልሲየምና ማግኒዚየም የበዛበት ውሃ ከሳሙና ጋር ሲገናኝ የማይሟሟ ነጭ ዝቃጭ ይፈጥራል። ይህ ዝቃጭ ጨርቁ ላይ ተለጥፎ ይደርቃል፣ ፎጣውንም እንደ ሰሌን ያደርቀዋል። ጉድጓድ ሁሉ እንዲህ ነው ማለት አይደለም፤ መሞከር ይቀላል። በአንድ ጠርሙስ ሲሶ ያህል ውሃ ያድርጉ፣ ከደረቁ ሳሙና ጥፍር የምታህል ፍቀው ይጨምሩና ይናጡ። አረፋው ወፍራም ሆኖ ውሃው ከሥር ከጠራ ውሃዎ ለስላሳ ነው፣ ደረቁን ሳሙና ይጠቀሙበት። አረፋ እምቢ ብሎ ውሃው ወተት ከመሰለ ግን ዱቄቱ ይሻላል፤ ዱቄት ሳሙና እንዲህ ያለውን ዝቃጭ እንዳይፈጥር ተደርጎ የተሠራ ነው።

ጅማ ላይ ደግሞ ሌላ መፍትሔ ከሰማይ ይወርዳል። የዝናብ ውሃ እጅግ ለስላሳ ነው። ከቆርቆሮው የሚወርደውን የመጀመሪያውን 10 ደቂቃ ውሃ ይድፉት (የጣሪያው አቧራና የወፍ ኩስ ያለው እዚያ ውስጥ ነው)፣ ቀጥሎ ያለውን በበርሜል አጠራቅመው ትንኝ እንዳይራባበት ይክደኑት። ለማጠቢያም ለማለቅለቂያም ይሆናል፤ ለስላሳ ስለሆነ ሳሙናውን በግማሽ ይቀንሱ። የውሃውን ነገር ግን አናጋነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በእንግሊዝ አገር 336 ችፌ ያለባቸውን ሕፃናት ያሳተፈ ሙከራ ታትሞ ነበር፤ ቤት ውስጥ ውሃ የሚያለሰልስ መሣሪያ መግጠሙ ችፌውን አላሻሻለውም።

እንዶድ ነጠላና ጋቢ ለማጠብ ያለው ሙያ አይካድም። አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን የሚባለው ንጥረ ነገሩ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ወረድ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው፣ የቢልሃርዝያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያረጋገጡት ይህንኑ ነው። ዱቄቱ ዓይንና አፍንጫ ክፉኛ ያቃጥላል፤ መጠኑም ከፍሬ ፍሬ ስለሚለያይ ልክ ሊወጣለት አይችልም። ችፌ ላለበት ሕፃን ልብስ አንመክረውም፤ ለአያትዎ ጋቢ ይሁን።

ጥያቄ፦ በየቤቱ እየዞርኩ ልብስ አጥባለሁ። ጣቶቼ መሃል ተሰነጣጥቆ ይደማል፣ ቀለበት ማድረጊያዬ ሥር ቀልቷል። ሥራ ሳቆም ይሻለኛል፣ ስመለስ ይመለሳል። የትኛው ሳሙና ነው የማይጎዳኝ? (ከኮቼ)

መልስ፦ እጅ የማይጎዳ የልብስ ሳሙና የለም። ስለ ሳሙናና ስለ ችፌ ሲወራ ልብሱን የሚለብሰው ሰው ብቻ ይነሳል እንጂ ከሁሉ የባሰው ጉዳት የሚደርሰው በአጣቢዋ እጅ ላይ ነው። በልብስ ላይ የሚቀረው የሳሙና ርዝራዥ ነው፤ የእርስዎ እጅ ግን ድፍኑ ውስጥ ነው የሚውለው። በቀን ከ2 ሰዓት በላይ እጁ እርጥብ የሚሆን ሰው ለእጅ ችፌ ይጋለጣል። በጣት መሃልና በቀለበት ሥር የሚጀምረው ሳሙናው እዚያ ተደብቆ ስለሚቆይ ነው። ቀለበቱን ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ያውልቁ፤ ቤት ተመልሰውም የውስጡን በብሩሽ ሳያጥቡ አያድርጉት።

ጓንት ያስፈልግዎታል፤ አጠቃቀሙን ካላወቁ ግን ጓንቱም ያባብሳል። በየሱቁ የሚገኘው የላስቲክ ጓንት ብዙው ከላቴክስ የሚሠራ ሲሆን ለእሱም አለርጂ የሚሆን ሰው አለ፤ የቪኒል ወይም የናይትራይል ካገኙ ይምረጡ። ከውስጥ ስስ የጥጥ ጓንት ያድርጉ፣ ላብ ይጠጣል። ሁለት ሦስት ጥንድ የጥጥ ጓንት ይዘው ይሂዱና ሲረጥብ ይቀይሩ። በየ20 ደቂቃው አውልቀው እጅዎን ያናፍሱ። ውሃ የገባበትን ወይም የተቀደደውን ጓንት ባያደርጉት ይሻላል፤ ሳሙናውን እጅዎ ላይ አፍኖ ይይዘዋል። ጓንቱን ከላይ በኩል አንድ ጊዜ አጥፈው ክንድዎ ላይ ቢቀለብሱት እጅ ሲነሣ የሚወርደው ውሃ ወደ ውስጥ አይገባም። ከላቴክስ ጓንት በፊት ቫዝሊን አይቀቡ፤ ቅባት ላቴክስን ያሳሳዋል፣ ቶሎም ይቀደዳል።

ዱቄቱን በእጅዎ አይበጥብጡ፣ እንጨት ይጠቀሙ። ውሃው ለብ ያለ ይሁን፤ ሙቅ ውሃ የቆዳን ቅባት ይዞ ይወጣል። በረኪና የገባበትን ሳፋ ባዶ እጅዎን አይንኩት። ሲጨርሱ በንጹሕ ውሃ ብቻ ተለቃልቀው፣ በጣቶች መሃል ሳይቀር አድርቀው ወዲያው ሽታ የሌለው ቫዝሊን ይቀቡ። ሽታውን ለማጥፋት ሎሚ ማሸት የተሰነጠቀ እጅ ላይ ማቃጠል ብቻ ነው። ማታ ወፈር አድርገው ቀብተው የጥጥ ካልሲ እጅዎ ላይ ያጥልቁና ይተኙ። ቆዳው ዳነ ብለው ጓንቱን አይጣሉ፤ ከላይ ለስልሶ ቢታይም ጥንካሬው እስኪመለስ ወራት ይወስዳል። ቢጫ ቅርፊት፣ መግል ወይም እብጠት ካለ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ቁስሉ አመርቅዟል።

ጥያቄ፦ በረኪና፣ ማለስለሻ፣ አቼቶ፤ የትኛው ይግባ? (ከፈረንጅ አራዳ)

መልስ፦ ማለስለሻ አይግባ። ሥራው ጨርቁ ላይ መቅረት ነው፤ ሽቶውም አብሮ ይቀራል። በረኪናም ለልጁ ልብስ አያስፈልግም፤ ፀሐይ ነጩን ያነጣዋል። ሐኪሞች ለአንዳንድ ችፌ በጣም የቀጠነ የበረኪና መታጠቢያ ያዝዛሉ፤ ያ በሐኪም ልክ የሚደረግ ነው፣ በግምት ቤት ውስጥ አይሞከርም። አቼቶ ከፈለጉ ለመጨረሻው 10 ሊትር ውሃ ከ2 እስከ 3 የሾርባ ማንኪያ ይበቃል፤ የተረፈውን የሳሙና አልካሊ ያረክሳል። ግን ሳሙናው በደንብ ከወጣ በኋላ ነው። ደረቅ ሳሙና ገና ልብሱ ላይ እያለ አቼቶ ከገባ ሳሙናው ተበጥሶ ሞራ የመሰለ ቅባት ልብሱ ላይ ይለጠፋል። አቼቶና በረኪና አንድ ሳፋ ውስጥ ፈጽሞ እንዳይገናኙ፤ ሳንባን የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ያወጣሉ።

ጥያቄ፦ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ገዛን። ሚስቴ ችፌ አለባት፤ ማሽኑ ከመጣ ወዲህ ባሰባት። (ከቦሳ ኪቶ)

መልስ፦ የእጅ ማጠቢያ ዱቄት እየከተቱበት እንደሆነ እንገምታለን። የእጁ ዱቄት አረፋ እንዲበዛለት ተደርጎ ይሠራል፤ ከፊት በሚከፈት ማሽን ውስጥ ግን አረፋው ልብሱን ደግፎ እንዳይፋተግ ያደርገዋል፣ ውሃውም አረፋውን ሳያወጣ ይፈሳል። “አውቶማቲክ” ወይም ለማሽን የተባለውን ይግዙ። ከበሮውን አይጠቅጥቁት፤ ከልብሱ በላይ መዳፍዎ በቁሙ ሊገባ ይገባል። ተጨማሪ ማለቅለቂያ የሚለውን ቁልፍ ሁልጊዜ ይጫኑ። በቀዝቃዛ ውሃ በአጭር ሰዓት የሚያጥቡ ከሆነ ዱቄቱ ሳይሟሟ ሊቀር ስለሚችል ፈሳሹ ይሻላል። ፈሳሽ ሳሙና ግን እንዳይበላሽ መከላከያ ይጨመርበታል፤ ከነዚህ አንዱ ሜቲልአይሶቲያዞሊኖን የታወቀ የቆዳ አለርጂ አምጪ ነው። በማሽን ታጥቦ ሲለቀለቅ የሚቀረው ኢምንት ነው፤ ሳይበረዝ በእጅ መንካቱን ግን ባለቤትዎ ይጠንቀቁ። በየጀሪካኑ እየተቀዳ የሚሸጠው፣ ምን እንደገባበት ያልተጻፈበት ፈሳሽ ሳሙና ችፌ ያለበት ቤት አይግባ።

ጥያቄ፦ በክረምት ልብስ ሳይደርቅ ሻጋታ ሻጋታ ይሸተናል። ልጃችን ላይ የምንቀባው ቫዝሊንም ፒጃማውን አቆሽሾታል። (ከአጂፕ)

መልስ፦ የሚሸተውን ልብስ ሳሙና ጨምሮ ማጠብ ወይም ሽቶ መርጨት አይረዳም፤ በሙቅ ውሃ እንደገና ታጥቦ በፍጥነት መድረቅ አለበት። ጥቂት ጥቂት እያደረጉ ቶሎ ቶሎ ማጠብ በአንድ ቀን ብዙ ከማጠብ ይሻላል። የተጨመቀውን ልብስ በደረቅ ፎጣ ጠቅልለው ይርገጡት፣ ብዙ ውሃ ይወጣለታል። ታዛ ሥር ነፋስ በሚያገኘው ቦታ በልብሶቹ መካከል ጡጫ የሚያህል ክፍተት ትተው ያስጡ። መኝታ ክፍል ውስጥ አያስጡ፤ እርጥበት የአልጋ ልብስ ውስጥ የሚኖሩትን የአቧራ ተባዮች ያራባል፣ እነሱም ችፌን ያስነሳሉ። ስፌቱ ያልደረቀውን በካውያ ይጨርሱ።

ቫዝሊን የጠጣ ፒጃማ ሳሙና ከመግባቱ በፊት በሙቅ ውሃ ይነከር፤ ቅባቱ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንቅንቅ አይልም። ከሁሉ በላይ እሳት። ቅባት የጠጣ ጨርቅ በፍጥነት ይቀጣጠላል፣ ታጥቦም ቅባቱ ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ልጁን በዚያ ፒጃማ ከከሰል ምድጃ፣ ከሻማና ከቡና ማፍያው አጠገብ አያስቀምጡት።

ጥያቄ፦ መጀመሪያ ትንሿ ልጄ ነበረች፣ አሁን አምስታችንም ያሳክከናል፤ ማታ ማታ ይብሳል። የተጠቀምነው አዲስ ሳሙና ይሆን? (ከመርካቶ)

መልስ፦ ሳሙናውን ትተው እከክን (ቆዳ ውስጥ የሚገባ ጥቃቅን ተባይ የሚያመጣውን ተላላፊ በሽታ) ይጠርጥሩ። ችፌ ቤተሰቡን በተራ አያዳርስም። በጣት መሃል፣ በእጅ አንጓ፣ በወገብና በብልት አካባቢ ጥቃቅን ሽፍታ ካለና ሌሊት ከባሰ ጤና ጣቢያ ሄደው ይታዩ። የችፌ ስቴሮይድ ቅባት ራስዎ ገዝተው አይቀቡ፤ ምልክቱን ሸፍኖ እከኩ እንዲስፋፋ ያደርጋል። የሚታዘዘውን መድኃኒት ያላሳከከውም ጭምር ሁሉም የቤቱ ሰው በአንድ ሌሊት መቀባት አለበት።

ልብሱ ያኔ ነው የሚታጠበው፤ ባለፉት 3 ቀናት የተለበሰው ልብስ፣ አንሶላውና ፎጣው በ60 ዲግሪ ውሃ። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ባላት ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሁለት እጅ የፈላ ውሃ ከአንድ እጅ ቀዝቃዛ ጋር ቢቀላቅሉ ከ65 እስከ 70 ገደማ ይሆንልዎታል። በእንጨት ያማስሉ፣ ልጆች አይጠጉ። ሙቅ ውሃ የማይችለውን ብርድ ልብስና ሹራብ በፌስታል ጥብቅ አድርገው አስረው ለአንድ ሳምንት ያስቀምጡት፤ ተባዩ ከሰው አካል ተለይቶ ከ3 ቀን በላይ እምብዛም አይቆይም። ማሳከኩ ከሕክምናው በኋላም ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሊቀጥል ይችላል፤ መድኃኒቱን ደጋግመው ለመቀባት አይቸኩሉ። ማጠቢያው ቀን መድኃኒቱ በተቀባበት ሌሊት ማግስት ጠዋት ይሁን፤ ቀድሞ የታጠበ አንሶላ በዚያው ሌሊት እንደገና ይያዛል።